ወላጅ ልጁን የሚቀብርበት ሥርዓት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ከሚሴን አቋርጦ ያልፋል። እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ በከሚሴም የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ። የፈተና ሰሞን ተማሪው ፍላሹን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ የቤት ሥራው ይታተምለታል፤ ወረፋው ያስጨነቀው ሠራተኛም ፍላሹን መዝዞ ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስ ጉዳት የለም። አንዳንድ ጊዜ ግን ተማሪው ቤቱ ሲገባ ፋይሉ ተበላሽቶ ያገኘዋል። ከዚህ የከፋም አለ፤ ፍላሹ በተመዘዘበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ራሱ ደርቆ ይቀራል፤ ወረፋ የያዘውም ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ዘወትር አንድ ነው፤ «ቫይረስ ነው» ይባላል። ቫይረስ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ጥያቄውን ከመመለስ ይልቅ ይዘጋዋል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ከዚያ ድርቀት በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚገኘውንና በየትምህርት ክፍሎቻችን እምብዛም የማይነገርለትን አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ጉዳዩ በኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ማለትም በከርነሉ ውስጥ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ መቼ እንደሚወለድ፣ ማን ወላጁ እንደሆነና መቼ እንደሚሞት የሚወስነው ሥርዓት ነው። እንደ እኛ እምነት ይህ ሥርዓት ለጥቂት ጠበብት ብቻ የሚተው ምስጢር አይደለም፤ የኮምፒውተር ትምህርት በጀመረ በማንኛውም ተማሪ እጅ ሊገባ የሚገባው ዕውቀት ነው። ለማስረጃነት ሊኑክስን እንወስዳለን፤ ምክንያቱም ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ያልነውን ሁሉ ተማሪው ራሱ ሊመረምረው ይችላል።

ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች

አስቀድመን ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ጥፋቶችን እንለይ። የመጀመሪያው የፋይሉ መበላሸት ነው። ሊኑክስ ወደ ፍላሽ እንዲጻፍ የታዘዘውን ሁሉ ወዲያውኑ አይጽፍም፤ ሥራው እንዲፋጠን ሲል ለጥቂት ጊዜ በሜሞሪ ያቆየዋል። በተለመደው አሠራር ይህ ቆይታ 30 ሰከንድ ያህል ሊደርስ ይችላል። በዚህ መሀል ፍላሹ ከተመዘዘ ያልተጻፈው ክፍል ይጠፋል። ይህ የጥድፊያ ውጤት ነው፤ መድኃኒቱም ፍላሹን ከመንቀል በፊት የማስወገጃውን ትእዛዝ ሰጥቶ ጥቂት መታገሥ ነው።

ሁለተኛው የኮምፒውተሩ መድረቅ ነው። ይህን ግን በሠራተኛው ጥድፊያ ማሳበብ አይቻልም። የሲዲ ማጫወቻ በሥራ ላይ ሳለ በሩን ሊቆልፍ ይችላል፤ የዩኤስቢ ቀዳዳ ግን ቁልፍ የለውም። ሰው ፍላሹን በማናቸውም ቅጽበት ሊመዝዘው ይችላል፤ ገመድም ሳይታሰብ ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩን፣ የሚጽፍ ባለሙያ ይህን ቅጽበት አስቀድሞ አስቦ መጻፍ ግዴታው ነው። ፍላሽ ተመዘዘ ብሎ የሚደርቅ ኮምፒውተር የሚመሰክረው የተጠቃሚውን ቸልተኝነት ሳይሆን የድራይቨር ጸሐፊውን ስሕተት ነው።

የቤተሰቡ ዛፍ

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሊነስ ቶርቫልድስ ሲጀመር መሣሪያዎችን ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚያዛምድ ሥርዓት አልነበረውም። ይህ አንድ ወጥ ሥርዓት የመጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 ከወጣው ከ2.6 ዝርያ ጋር ነው፤ በመሠረቱም ላይ ፓትሪክ ሞሸል ትልቅ ድርሻ ነበረው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ መሣሪያ ወላጅ አለው። ፍላሹ የሀቡ ልጅ ነው፤ ሀቡ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው የዩኤስቢ ሥር ልጅ ነው፤ ሥሩም በተራው የዩኤስቢ መቆጣጠሪያው ልጅ ነው። ሊኑክስ አንድን ፍላሽ 1-2.3 ብሎ ቢጠራው «በመጀመሪያው አውታር፣ በሁለተኛው ቀዳዳ ላይ በተሰካው ሀብ፣ በሦስተኛው ቀዳዳ ያለው» ማለቱ ነው። ስሙ የትውልድ ሐረግ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ የዩኤስቢ አውታር እስከ 127 መሣሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ የትውልዱ ደረጃም ከሥሩ አንሥቶ ከሰባት አይበልጥም።

ወላጅና ልጅ የሚሉት ቃላት ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አላቸው። በእኛ ዘንድ «ልጅ ይቅበርህ» ምርቃት ነው፤ ወላጅ ልጁን መቅበሩ ደግሞ ከሐዘን ሁሉ የከፋ ሐዘን ነው። በከርነል ውስጥ ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ ነው። ልጅ አስቀድሞ መሄድ አለበት፤ ወላጅ የመጨረሻው ልጅ ተሸኝቶ እስኪያልቅ መቆየት አለበት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደ ፍላሹ የሚላክ ትእዛዝ ሁሉ በሀቡ በኩል ያልፋል፤ በጎዳናው ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ የሚሄድ አውቶቡስ በሸዋ ሮቢት እንደሚያልፍ ማለት ነው። ወላጁ ቀድሞ ከጠፋ ልጁን በወጉ የሚሰናበቱበት መንገድ አይኖርም። ከርነሉ ኮምፒውተሩን ሲያስተኛም የሚከተለው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው፤ ልጆች በመጀመሪያ ይተኛሉ፣ ወላጆች በኋላ። ሲነቃ ደግሞ ወላጆች ቀድመው ይነቃሉ፤ ልጆች ይከተላሉ። ለዚህም ሲባል አንድ ልጅ በቤተሰቡ ውስጥ ሲመዘገብ ከርነሉ በልጁ ስም ወላጁን «ይይዘዋል»፤ ልጁ እስካለ ድረስ ወላጁን የሚመለከተው መዝገብ ከሜሞሪ አይፋቅም።

ይሁንና ሁሉም ጥገኝነት የዝምድና አይደለም። በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ያለ ካሜራ በትውልድ ሐረጉ የአንድ የመገናኛ አውታር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የሚሠራበትን ኃይል የሚያገኘው ግን በሐረጉ ውስጥ ከሌለ ከሌላ ክፍል ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንዲሉ፣ የካሜራው ሕይወት በጎረቤቱ እጅ ነው። የወላጅና የልጅ ዛፍ ይህን መግለጽ ስላልቻለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በ4.10 ዝርያ አቅራቢንና ተጠቃሚን የሚያስተሳስር ሌላ ዓይነት ማያያዣ ተጨምሯል። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ፤ አንድን ሥርዓት በዘመድ ስም መጥራታችን የማስተዋልን ሸክም ከላያችን አያነሣም።

መርዶና ቀብር

ይህን ሁሉ በዓይን ማየት ይቻላል። ሊኑክስ በተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሀብ ሰክተን፣ በሀቡ ላይ ማንም የማይፈልጋቸውን ሁለት ባዶ ፍላሾች ሰክተን፣ ሀቡን ራሱን ብንነቅለው ከርነሉ የሆነውን በመዝገቡ ያሰፍራል። ተማሪው መዝገቡን ከፍቶ ሲያነብ በመጀመሪያ የሚያገኘው ሀቡ መነቀሉን የሚናገር መስመር ነው፤ የፍላሾቹ መነቀል የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። «ልጅ ቀድሞ ይሄዳል ብላችሁን አልነበረምን?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው።

መልሱ በመርዶና በቀብር መካከል ያለው ልዩነት ነው። በመጀመሪያ የተሰማው የሀቡ መርዶ ነው፤ በእርግጥም የተነቀለው እርሱ ነው። ከርነሉ ግን መርዶውን ካሰማ በኋላ የሀቡን መዝገብ ወዲያው አያነሣም። መጀመሪያ ወደ ልጆቹ ይወርዳል፤ እያንዳንዳቸውን ከቤተሰቡ መዝገብ ይሰርዛል፤ ልጆቹ ካለቁ በኋላ ብቻ ተመልሶ ወላጁን ይሰርዛል። ዜናው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሥራው ግን ከታች ወደ ላይ ይፈጸማል። አንድ ተማሪ ይህን በራሱ እጅ ካየ፣ ስለ ዛፍ አወቃቀርና ራሱን ስለሚጠራ ተግባር ከሰሌዳ ላይ የገለበጠው ሁሉ በዚያች ሰዓት ነፍስ ይዘራል።

የዱቤ መዝገብ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። መነቀል አንድ ነገር ነው፤ ከሜሞሪ መፋቅ ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ለማስረዳት ከዚያው ዞን ሳንወጣ ምሳሌ እንውሰድ። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው በታወቀው የባቲ ገበያ ዳር አንድ ባለ ሱቅ አለ እንበል። ባለ ሱቁ ሥራውን ለማቆም ወስኖ በሩን ዘጋ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አዲስ ደንበኛ አይገባም። ነገር ግን የዱቤ መዝገቡን በዚያው ቀን ቢያቃጥለው ከነጋዴ ጋር ያለው ሒሳብ ሁሉ ይፋለሳል። አስተዋይ ባለ ሱቅ በሩን ይዘጋል እንጂ፣ የመጨረሻው ባለ ዕዳ ሒሳቡን እስኪዘጋ ድረስ መዝገቡን ያቆያል።

ከርነሉም እንዲሁ ነው። ፍላሹ ሲመዘዝ በሩ ይዘጋል። የፍላሹን ፋይል ከፍቶ የነበረ ፕሮግራም ግን ገና ሒሳብ አለበት፤ ስለ ፍላሹ በሜሞሪ የተጻፈውን መዝገብ ይዟል። ስለዚህ ከርነሉ ስንት ያዦች እንዳሉ ይቆጥራል። አንድ ተጠቃሚ መዝገቡን ሲይዝ ቆጠራው በአንድ ይጨምራል፤ ሲለቅ በአንድ ይቀንሳል፤ ቆጠራው ዜሮ ሲደርስ ብቻ የመልቀቂያው ተግባር ተጠርቶ ሜሞሪው ይፋቃል። በዚህ መካከል ያ ፕሮግራም ለማንበብ ቢሞክር የስሕተት መልስ ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይደርቅም። ፍላሹን ነቅለው ወዲያው መልሰው የሰኩ ተማሪዎች፣ ኤስዲቢ ይባል የነበረው ኤስዲሲ ተብሎ መምጣቱን አስተውለው ይሆናል። የቀድሞው ፍላሽ መዝገብ በያዥ እጅ ስላለ ስሙም ገና አልተለቀቀም ማለት ነው።

ድራይቨር ጸሐፊ በዚህ ሒሳብ ላይ በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። ያልያዘውን ከለቀቀ፣ ወይም ሳይዝ ከተጠቀመ፣ መዝገቡ ሰው እያነበበው ይቃጠላል። ያ የሜሞሪ ስፍራ ለሌላ ሥራ ከተሰጠ በኋላ የቀድሞው ተጠቃሚ ተመልሶ ይጽፍበታል፤ ኮምፒውተሩ የሚደርቀው በዚህ ጊዜ ነው። የያዘውን ሳይለቅ ከቀረ ደግሞ መዝገቡ ለዘላለም ይቀመጣል፤ ሜሞሪውም ቀስ በቀስ ያልቃል። ሁለት መዝገቦች እርስ በርስ ተያይዘው ትስስሩን ቀድሞ የሚበጥስ ሥርዓት ካልተበጀላቸውም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለቱም አይለቀቁም። መሣሪያውን የመልቀቂያ ተግባር ሳያበጅለት የመዘገበ ድራይቨር ካለ፣ ከርነሉ ራሱ ይህ ስሕተት መሆኑንና መታረም እንዳለበት በመዝገቡ ያስጠነቅቃል።

ቀላል መንገድ ፈላጊነት እዚህም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በ2.6.21 ዝርያ ቴጁን ሂዮ ያስገቡት አንድ ዘዴ፣ ድራይቨሩ ለመሣሪያው የወሰደውን ሁሉ በመለያያው ጊዜ ከርነሉ ራሱ እንዲመልስ ያደርጋል። ይህ ዘዴ ብዙ መዘንጋትን አስቀርቷል፤ ጥቅሙ አያጠያይቅም። ሆኖም የሚመልሰው ድራይቨሩ ከመሣሪያው በሚለይበት ጊዜ እንጂ የመጨረሻው ያዥ በሚለቅበት ጊዜ አይደለም። በባቲው ባለ ሱቅ ቋንቋ ስንናገር፣ በሩ በተዘጋበት ቅጽበት የዱቤ መዝገቡን የሚያቃጥል ትጉህ አገልጋይ ነው። ላውረን ፓንሻር እ.ኤ.አ. በ2022 በደብሊን በተካሄደው የሊኑክስ ፕላምበርስ ጉባኤ ላይ ይህንኑ አደጋ በአደባባይ አንሥተዋል። ከመምጣቱ 15 ዓመት በኋላ ገና የሚያከራክር ዘዴ መሆኑ፣ ጉዳዩ ለባለሙያዎቹም ቢሆን ያለቀለት እንዳልሆነ ያሳያል።

በኪሳችን ያለው ማስረጃ

«ይህ ሁሉ ለከሚሴ ምኗ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው አግባብ ነው፤ መልሱም በጠያቂው ኪስ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልኮች ሁሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ከርነል ነው።

በአንድሮይድ ውስጥ ባይንደር የሚባል ድራይቨር አለ፤ ፕሮግራሞች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡት በእርሱ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ ተመራማሪ የሆኑት ማዲ ስቶን፣ ሲቪኢ-2019-2215 ተብሎ የተመዘገበውን የዚህን ድራይቨር ቀዳዳ ይፋ አደረጉ። ስሕተቱ እስካሁን ያልነው ነው። አንድ መዝገብ ተፋቀ፤ ሌላ የከርነሉ ክፍል ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ያለውን የመጠባበቂያ ሰልፍ ገና ይዞ ነበር። ያዡ ሳይለቅ መዝገቡ ተቃጠለ። በዚህ ቀዳዳ የገባ ፕሮግራም የስልኩ ጌታ መሆን ይችል ነበር፤ ቀዳዳው በተገለጸበት ጊዜም ጥቅም ላይ እየዋለ እንደነበር ማስረጃ እንዳለ ተነግሯል።

የሚያሳዝነው ሌላው ክፍል ነው። ስሕተቱ በዋናው ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 ታርሞ ነበር። እርማቱ ግን በወቅቱ ገበያ ላይ ወደነበሩ ብዙ ስልኮች ሳይደርስ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አለፈ። እንግዲህ በሁለተኛ እጅ የተገዛና ማሻሻያ መቀበል ያቆመ ስልክ የያዘ ተማሪ በየከተማችን ስንት ይሆን? ይህ ስልክ የተማሪው የማስታወሻ ደብተር፣ የቤተሰቡ የገንዘብ መላኪያና የጓደኞቹ ማኅደር ነው። አንድ ሰው በሩቅ አገር የያዥ ቆጠራውን በአንድ ሲያዛባ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ይህ ተማሪ ነው።

ብቸኛው ምሳሌም ይህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድሬ ኮኖቫሎቭ የሊኑክስን የዩኤስቢ ድራይቨሮች በራስ ሰር መፈተሻ ፈትሸው 14 ቀዳዳዎችን በአንድ ጊዜ ይፋ አድርገዋል፤ እነዚህም ከ79 ስሕተቶች ዝርዝር የተወሰዱ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል መዝገቡ ከተፋቀ በኋላ የመጠቀም ስሕተቶች ይገኙበታል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እኛ በተማርንበት ጊዜ ስለ ሜሞሪ የተነገረን ሁለት ትእዛዝ ነበር፤ መውሰድና መመለስ። የወሰድከውን መልስ ተባልን፤ ፈተናውንም አለፍን። ሌላ ሰው ገና ይዞት ሳለ ብመልሰውስ የሚለው ጥያቄ ግን አልተጠየቀም። ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው እንላለን። ሜሞሪን ማስተማር ያለብን ከወሰደውና ከመለሰው ሰው አንጻር ብቻ ሳይሆን ከያዦቹ ሁሉ አንጻር ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርቡብናል። የመጀመሪያው «አዳዲስ የፕሮግራም ቋንቋዎች ይህን ችግር ፈተውታል» የሚል ነው። በእርግጥ የባለቤትነትን ሥርዓት አስቀድሞ የሚመረምረው ረስት የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ከወጣው ከ6.1 ዝርያ ጀምሮ ወደ ሊኑክስ ከርነል ገብቷል፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሰው እጁን ዘርግቶ ፍላሹን እንዳይመዝዝ የሚከለክል ቋንቋ የለም። ቋንቋው የሜሞሪውን ሒሳብ ሊጠብቅ ይችላል፤ መሣሪያው በሌለበት ምን ይደረግ የሚለውን ግን አሁንም ሰው ማሰብ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለእንዲህ ያለ ትምህርት ቤተ ሙከራ የት አለን?» የሚል ነው። ይህኛው ይበልጥ ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም እውነት የሚመስል ስሕተት ነውና። ከላይ የገለጽነው ሙከራ የሚጠይቀው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ሀብና ሁለት ባዶ ፍላሾች ብቻ ነው። ሊኑክስ በነጻ ይገኛል። በከሚሴም ሆነ በባቲ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈጽመው ይችላል። ተማሪዎቹ ሀቡን ይንቀሉ፤ መዝገቡን ያንብቡ፤ መርዶው ከላይ ሥራው ከታች መሆኑን በዓይናቸው ይዩ፤ ከዚያም ያዩትን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ለታናናሾቻቸው ያስረዱ። ከእነርሱ አንዱ ነገ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስለ ያዦች ቆጠራ የሚሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በበኩላቸው በኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ውስጥ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ድራይቨር ተማሪው እንዲያነብ ቢያደርጉ፣ ያዡን ከለቃቂው ጋር እያመሳከረ እንዲቆጥር ቢያዙት፣ ከብዙ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ወደ ተነሣንበት የፎቶ ኮፒ ቤት እንመለስ። ኮምፒውተሩ ደርቋል፤ ወረፋው ቆሟል፤ ሠራተኛው «ቫይረስ ነው» ብሏል። ከወረፋተኞቹ መካከል ያቺ የሳይንስ ክበብ አባል ብትኖር ግን ሌላ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ «ፍላሹ ሲመዘዝ መዝገቡን ማን ይዞት ነበር?» ትላለች። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ወጣቶች በበዙ ቁጥር፣ በሰው የተጻፈውን ድራይቨር ስንጠቀም ብቻ ሳይሆን ራሳችን ጽፈን ለሌላው የምናበረክትበት ቀን ይቀርባል። እስከዚያው ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ ፍላሻችሁን ከመንቀላችሁ በፊት ጥቂት ታገሡ፤ ያልጨረሰ ያዥ አይጠፋምና።